የድሬኖቫ ስልሳ ሦስት ወጣቶች

ሚርታ ወረቀቱን የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሊውጠው ሲል መንጭቃ አወጣችው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ስም ደግማ አነበበች። ማሪን። ስም ከነአባት፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ፤ ሁሉም በቦታ በቦታው ተሞልቷል። ማሪን ወንድሟ ነው። ወንድሟ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አየርላንድ ውስጥ፣ አንድ ሥጋ ፋብሪካ፣ ቢላዋ ይዞ የሚውል ሰው ነው። ለዘንድሮ ፋሲካ እንኳ ፈቃድ አጣሁ ብሎ አልመጣም።

ወረቀቱን ገለበጠችው። «በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?» ለሚለው ጥያቄ «ለአባቱ እንጨት ይከምራል» ብሎ የሚጀምር መልስ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። «በመንደርህ ምን ቢለወጥ ትወዳለህ?» ለሚለው ደግሞ «ማታ የሚመጣ አውቶቡስ ቢኖር። ዓርብ ዓርብ ብቻም ቢሆን» ይላል። ክብ ክብ ያለውን የእጅ ጽሑፍ በደንብ ታውቀዋለች። ተማሪ ሳለች ምሳ ዕቃዋ ክዳን ላይ «ጨርሰሽ ብዪ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ይለጥፍላት የነበረ እጅ ነው። የእናቷ እጅ።

የማዘጋጃ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ረፋድ አራት ተኩል ይላል። ስብሰባው ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ማሽኑን ረሳችው። የመንደሯን የድሬኖቫን መጠይቆች ወለሉ ላይ ዘርግታ፣ ተንበርክካ፣ አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር። ጀርመን ያለው የባለሱቋ የማንዳ ልጅ «ጤንነቱን ይጠብቃል፣ ሲጋራ ትቷል» ተብሎለታል። ኦስትሪያ አረጋውያን የምትንከባከበው የጎረቤት ልጅ «መዝፈን ትወዳለች፣ ድምጿ ያምራል»። አንዷ እናት ወጣቶቹ ምን ዓይነት ዝግጅት እንደሚመርጡ ስትጠየቅ «ለዓመታዊው የአሳማ እርድ ከመጣልን ይበቃናል» ብላለች። የመንትዮቹ ሁለት ወረቀቶች ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው፤ የፈረመችው ሴት ለመለያየት እንኳ አልደከመችም።

ሚርታ መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ስትጨርስ ከስልሳ ሦስቱ ድሬኖቫ የሚያድሩት አሥራ ሁለት ብቻ ሆኑ፤ እሷን ጨምሮ።

ድሬኖቫን በምታስተዳድረው በቨርቢና ከተማ፣ አስተዳደሩን በወጣቶች ጉዳይ የሚያማክር ጉባኤ አለ። አባላቱ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም ያለ ደሞዝ የሚሠሩ፣ ትልቋ ሃያ ዓመቷ፣ እሷም ሰብሳቢያቸው ሚርታ። በምክር ቤቱ የመናገር እንጂ ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም። የሚሰበሰቡበትን ክፍል የሚጋሩት ከአዳኞች ማኅበር ጋር ስለሆነ፣ ስለ ወጣቶች ሲወያዩ ከግድግዳው ላይ የዱር አሳማ ጭንቅላት አፍጥጦ ያያቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቀረቡት ሐሳብ ሁሉ «በጥሞና ታይቷል» እየተባለ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ዘንድሮ ግን የምሽት አውቶቡስ ጥያቄያቸው የወጣቶች ዕቅድ ውስጥ ገባ። የበጀት ኮሚቴው አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጠ፦ ከአርባ በታች ተጠቃሚ ላለው መንደር አውቶቡስ አይላክም።

ሌሎቹን መንደሮች ሚርታ ራሷ በር እያንኳኳች ዞረች። የገዛ መንደሯን ግን አፈረች። ጠዋት ችግኝ ጣቢያ አፈር ስትሞላ የሚያያት ሰው ከሰዓት ባለሥልጣን ሆና መጣች እንዳይላት ፈርታ፣ መጠይቁን ማንዳ ሱቅ ከነሣጥኑ አስቀመጠችው። ሣጥኑ ሲከፈት ስልሳ ሦስት ወረቀት ተገኘ። በመዝገብ ላይ ያለው የድሬኖቫ ወጣት ቁጥርም ስልሳ ሦስት ነው። አንድም የቀረ የለም! የከተማው ጋዜጣ ሳይቀር ጻፈው። ድሬኖቫ ተወልዳ ያደገችው ሚርታ ግን ስልሳ ሦስት ወጣት ከየት መጣ ብላ አልጠየቀችም። ለፋሲካ የመጡት ሞልተውት ይሆናል ብላ ራሷን ሸነገለች። ያማረ ቁጥር ማን ይመረምራል?

በሩ ተከፈተና የጉባኤው አባል ክሩኖ አንገቱን አስገባ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የመኪና ጥገና ይማራል። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ዘይት በምንም ሳሙና አይለቅም።

«ጨረስሽ? የበጀት ኮሚቴው ጋሽ ዝቮንኮ ዋናው ወረቀት ራሱ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጥ ብለዋል፤ አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ደወሉ። ምነው መሬት ተቀመጥሽ?»

«ክሩኖ፣ ስትቆጥር ጀርባውን አይተኸዋል?»

«ጀርባው ምን አለው?»

«ስም።»

«እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ የናንተን መንደር ሰው በምን አውቀዋለሁ? ስልሳ ሦስት ወረቀት ነበር፣ ስልሳ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ።»

«አሥራ ሁለት ነው። ሌላውን የሞሉት እናቶች ናቸው። ውጭ አገር ላሉ ልጆቻቸው።»

ክሩኖ ገብቶ በሩን ዘጋው። አንድ ወረቀት አንስቶ አነበበ፤ አስቀመጠ፤ ሌላ አነሳ። «እዚህ ላይ “ሾርባ አይወድም” ይላል» አለ።

«አየህ?»

«እንግዲህ ዝም አይነቅዝም፣ ሚርታ። አውቶቡሱ አንዴ ይጽደቅ፤ ከዚያ በኋላ ማን ወረቀት ሲገለብጥ ይውላል?»

«ጋሽ ዝቮንኮ። ካልገለበጡም፣ በሁለት ወር ውስጥ አውቶቡሱ ባዶውን ሲመላለስ ያዩታል። ያን ጊዜ ይኼ ጉባኤ አለቀለት፤ ሁለተኛ የሚሰማን የለም።»

«ፔትራስ? ለፔትራ ምን ልትያት ነው?»

ፔትራ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልብስ ስፌት ትማራለች። የከሰዓት ፈረቃ ትምህርቷ የሚያልቀው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ወደ ድሬኖቫ የሚሄደው የመጨረሻ አውቶቡስ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሌላ አውቶቡስ መገንጠያው ድረስ ያደርሳትና ቀሪውን አራት ኪሎ ሜትር የአባቷን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሳ በእግሯ ትገባለች። በረዶው በጀመረ ሰሞን አንድ የጭነት መኪና መስታወት ትከሻዋን ጨርፏት አልፏል። ሚርታ በሁለተኛው ቀን ቤቷ ሄዳ «አውቶቡስ አመጣልሻለሁ» ብላ ቃል ገብታላታለች። አፍ እንደሆነ ቃል ለመግባት ፈጣን ነው።

«አሥራ ሁለት ካልሽ ዜሮ አልሽ ማለት ነው» አለ ክሩኖ። «ኮሚቴው አርባ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አትበያ!»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የድሬኖቫ በጎ ፈቃደኛ እሳት አደጋ ማኅበር ቀይ ሚኒባስ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ገብቶ ቆመ። ሾፌሩ የማንዳ ባል ነው፤ ከኋላ ስምንት ሴቶች ወረዱ። የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። አውቶቡሳቸው ሲጸድቅ ለማየት ነው የመጡት። ከመሃላቸው የሚርታ እናት ሩዢጻ አለች። ሚርታ እጇን ይዛ ደረጃው ሥር ወሰደቻት።

«እማዬ፣ ማሪን መጠይቁ ላይ ፈርሟል።»

እናቷ የልጇን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለች። «ታዲያስ?»

«ማሪን አየርላንድ ነው ያለው!»

«የተመዘገበው እኔ ቤት ነው። አልጋውም አለ። ወረቀታችሁ ራሱ “በዚህ አድራሻ የተመዘገበ ወጣት ሁሉ ይሙላ” አይልም? ማንዳም አንድ ቤት ከጎደለ አውቶቡሱ ይቀርብናል አለች። ሞላን።»

«ከመዝገቡ ብታስወጪው ኖሮ እኮ…»

«ምን አልሽ?» ሩዢጻ እጇን ከኮሌታው ላይ አነሳች። «ከመዝገብ የሚወጣ የሞተ ነው።»

ድሬኖቫ ውስጥ ይህን የማይል ቤት የለም። ልጆቹ ከሄዱ አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት ይሞላቸዋል፤ የቆሻሻ ማንሻ ክፍያው በእነሱም ስም ይመጣል፤ እናቶቹ እየከፈሉ ስማቸውን ያኖራሉ። ሚርታ ይህን እያወቀች ነው መዝገቡን ያመነችው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባል የለ።

«ሳትጠይቂው ጻፍሽለት?»

«በስልክ ጠየቅሁት። “እንደፈለግሽ ጻፊ” አለኝ። ምን እንደሚልም አላጣውም፤ ወልጄዋለሁ።» ሩዢጻ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማታ አውቶቡስ ቢኖር ይመጣ ነበር እኮ። ከባቡር ሲወርድ ሁለት ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ በምን ይምጣ? ጨለማ ነው።»

ማሪን ያልመጣው አውቶቡስ አጥቶ እንዳልሆነ ሚርታ ታውቃለች። እናቷም የምታውቅ ይመስላታል።

«ልትናገሪ ነው?» አለች ሩዢጻ።

«እኔ እንጃ፣ እማዬ።»

«እነዚህ ሴቶች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ነገም እዚያው ነን።» ይህን ብላ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ አዳራሹ ገባች።

የአውቶቡሱ ጉዳይ አምስተኛ አጀንዳ ነበር። ስለ ፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ አንድ ሰዓት ተወራ፤ ስለ ባዘኑ ውሾች ሌላ ግማሽ ሰዓት። ሚርታ ከምክር ቤት አባላቱ ጀርባ፣ ለታዛቢ በተቀመጠው ወንበር ላይ ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። ወረቀቶቹ ዝቮንኮ ፊት ተከምረዋል። ዝቮንኮ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሐኪም ናቸው፤ የበጀት ኮሚቴው ሰብሳቢና የአዳኞች ማኅበሩ ሊቀ መንበርም እሳቸው። ወረቀቶቹን አልነኩም። እጃቸውን ክምሩ ላይ ጣል አድርገው ስለ ውሾቹ ይሰማሉ። ሚርታ ከዚያ እጅ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«አምስተኛ አጀንዳ» አሉ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ወይዘሮ ኔቬንካ።

ዝቮንኮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አዳኝ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ወደ ጫካ የምወጣው በድሬኖቫ በኩል ነው። ስልሳ ሦስት ወጣት አለ ተባልኩ። ደስ ይላል! እኔ እስከ ዛሬ ያገኘሁት ግን ስልሳ ሦስት ውሻና ሁለት ሽማግሌ ነው። እነዚህን ልጆች አዳኝ ማኅበሬ ውስጥ ባስገባቸው በወደድኩ፤ ከከርከሮ ይልቅ መደበቅ ያውቁበታል።»

አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ ረድፍ ስምንቱ ሴቶች አልሳቁም። ማንዳ ጮክ ብላ «ውሾቹን አንተ ካላበላሃቸው ምን ቸገረህ!» አለች፤ ሳቁ ወደ ዝቮንኮ ዞረ።

«ሥርዓት!» አሉ ወይዘሮ ኔቬንካ። ደክሟቸዋል፤ ሰዓታቸውን አዩ። «አቶ ዝቮንኮ፣ ፊርማ አለ፣ ተቆጥሯል። ወይዘሪት ሚርታ፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለቃለ ጉባኤው አረጋግጪልንና ወደ ድምፅ እንሂድ።»

የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። አዎ ካለች አውቶቡሱ አለ። አጠገቧ የተቀመጠው ክሩኖ ክርኑን ጎኗ ላይ አስደግፎ ይገፋታል። ሚርታ ተነሳች። ፔትራን አሰበች፤ ሰደርያዋን አሰበች። ባዶውን የሚመላለስ አውቶቡስም ታያት፤ ከዚያ በኋላ የፔትራ ትከሻ በእውነት ተጎድቷል ቢሉ ማንም አያምናቸውም።

«ትክክል አይደለም» አለች።

ወይዘሮ ኔቬንካ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ምኑ?»

«ድሬኖቫ የሚያድረው አሥራ ሁለት ወጣት ነው። ሌሎቹ ሃምሳ አንዱ የሉም። ጀርመን ናቸው፣ ኦስትሪያ ናቸው፣ አየርላንድ ናቸው። የእነሱን የሞሉት እናቶቻቸው ናቸው። አንዱ የወንድሜ ነው። ጥፋቱ የእናቶቹ አይደለም፤ ሣጥኑን ሱቅ አስቀምጬ የሄድኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ሲያምረኝ ያልጠየቅሁትም እኔ ነኝ።»

ሚርታ ወደ ኋላ መዞር ፈራች። ከኋላዋ የአንድ ቦርሳ ማያያዣ ጠቅ ብሎ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማታል፤ የእናቷ ቦርሳ ነው።

ዝቮንኮ ከክምሩ ላይ አንድ ወረቀት ሳቡ። «እስቲ እነዚህ የተሰወሩ ወጣቶች ምን ይላሉ?» ብለው፣ ለማሳቅ በተዘጋጀ ድምፅ ማንበብ ጀመሩ፦ «“በትርፍ ጊዜህ ምን ትሠራለህ?” “ለአባቱ እንጨት ይከምራል። ድሮ…”» እዚህ ላይ አቆሙ። ቀሪውን ለራሳቸው አነበቡት። ወረቀቱን መልሰው ሲያስቀምጡ ድምፃቸው ወደ ስብሰባ ድምፅ ተመለሰ። «ሐሰተኛ ሰነድ ነው። ከአርባ በታች ነው። ጉዳዩ ይዘጋ።»

«አውቶቡስ አንጠይቅም!» አለች ሚርታ፤ ራሷም የማታውቀው ድምፅ ነው የወጣው። «ዘጠኝ ሰው የሚጭን የእሳት አደጋ ማኅበሩ ሚኒባስ አለ። ግቢው ውስጥ ቆሟል። ለሾፌርና ለነዳጅ ብቻ ይመደብ። ከአሥራ ሁለቱ ማታ የሚመለሱት ስምንት ናቸው፤ ስማቸውንም የትምህርት ሰዓታቸውንም አመጣለሁ።»

«የእሳት አደጋ መኪና ለእሳት ነው።»

«ባለፈው ቅዳሜ ለአዳኞች ግብዣ ወይን ጭኖ ሲመጣ አይቼዋለሁ፣ ጋሽ ዝቮንኮ። ምን ተቃጥሎ ነበር?»

ይህን ጊዜ የሳቀው ምክር ቤቱ በሙሉ ነበር፤ ዝቮንኮም ጢማቸው ሥር ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። ወይዘሮ ኔቬንካ ግን አልሳቁም። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ሐሙስ ይደር፤ አሥራ ሁለቱ በአካል ቀርበው ይፈርሙ፤ ሃምሳ አንዱ ወረቀት ዛሬ ቢሮ ሳይዘጋ ይወገድ፤ ይህን ባታደርጊ ከሰብሳቢነትሽ አንሥተን በሌላ እንተካሻለን ብለው ደመደሙ።

ሚርታ ወረቀቶቹን ታቅፋ ወደ ፎቶ ኮፒ ክፍሉ ተመለሰች። የወረቀት መቆራረጫው ማሽን ከኮፒው ጎን ነው። ክሩኖ ሶኬቱን ሰካላት።

«አሥራ ሁለትሽን ይዘሻል፤ ይኼን አስወግጂና እንሂድ» አለ። «እንደዚህ ትናገሪያለሽ ብዬ ግን አልጠበቅሁም። የወይኑን ነገር እንዴት አመጣሽው!»

ሚርታ አልሰማችውም። ከላይ ያለው የማሪን ነው። ዝቮንኮ ያቋረጡትን፣ ጠዋት እሷም የዘለለችውን፣ አሁን አነበበችው፦ «ድሮ ሲጨርስ እጁን እየታጠበ ያፏጭ ነበር።» ይህን የትኛውም ኮሚቴ አልጠየቀም። ሚርታም ቢሆን ሪፖርቱን ስትጽፍ የፊቱን ቁጥር እንጂ ይህን አላነበበችም። አፈረች። እናቶቹ ልጆቻቸው ሲሄዱ ምን እንደቀረ ጽፈው ሣጥን ውስጥ ከተዋል፤ እሷ ደግሞ ቆጥራቸዋለች።

በመስኮቱ አየች። ቀዩ ሚኒባስ ሞተሩ ተነስቷል።

ወረቀቶቹን እንደታቀፈች ደረጃውን ሮጣ ወረደች። የሚኒባሱን ተንሸራታች በር ስትከፍተው ሰባቱ ሴቶች ዞረው አዩዋት። እናቷ መስኮቱ ዳር ናት፤ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራለች።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለች ማንዳ ከኋላ ወንበር። «ባደባባይ አዋረድሽን እኮ! እኔ ነኝ ሳሕን ሙሉ ኬክ ጋግሬ ያመጣሁት። ማን ሊበላው ነው አሁን?»

«ይቅርታ፣ እትዬ ማንዳ። ያልኩት ግን እውነት ነው።»

«እውነት አይደለም ማን አለሽ?»

ሚርታ የማሪንን ወረቀት አውጥታ ከእስክሪብቶ ጋር ለእናቷ ዘረጋችላት። «ጀርባው ላይ፣ ከማሪን ስም በታች፣ የራስሽን ጻፊ።»

ሩዢጻ ወረቀቱን አየችው እንጂ አልተቀበለችም። «ይወገድ አሉ አይደለም?»

«የወጣቶች ነው ስለተባለ ነው ሐሰት የሆነው። የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ፤ የእናንተ ነው ተብሎ ከገባ ምኑ ሐሰት ይሆናል? ሐሙስ ከአሥራ ሁለቱ ጋር አያይዤ አቀርበዋለሁ። ያልመጡትንም ዛሬውኑ ቤት ለቤት እዞራለሁ።» ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አሁን ግን በር አንኳኳለሁ።»

«ካነሡሽስ?»

«ያንሡኝ።»

«ደግሞ ማን ሊያነበው!» አለች ማንዳ።

«ጋሽ ዝቮንኮ። ዛሬ ጀምረውት አልነበር?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋው። ሩዢጻ ወረቀቱን ተቀብላ ቦርሳዋ ላይ አስደገፈችው። የማሪንን ስም አልሰረዘችም። ከሥሩ በዚያ ክብ ክብ ጽሑፏ ስሟን ጻፈች፤ «እናቱ» ብላ ጨመረች። ከዚያ እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ።

«ዕድሜ ይላል» አለች። «ሃያ ስድስት ብዬ ነበር።»

«የራስሽን።»

ሃያ ስድስትን በአንድ መስመር ሰረዘችና ሃምሳ አራት ብላ ጻፈች። ቀና ብላ ልጇን አላየችም፤ ግን እስክሪብቶውን አልመለሰችላትም፤ በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ወደ ኋላ ወንበር አቀበለችው።

ማንዳ እጇን ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ የኬኩን ሳሕን ጎረቤቷ ጭን ላይ አስቀምጣ፣ ከቦርሳዋ ውስጥ መነጽሯን ፈልጋ አወጣች።